ቤት ስንገዛ የምንገዛው ፕላኑን ነው
በጅግጅጋና በሰሜናዊው የሶማሌ ክልል ከተሞች ስለ ጋራ ሕንጻ ቤት አመራረጥ
(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



የጉባኤው አዘጋጆች ስለ ጋራ ሕንጻ ቤት እንድናገር በጠየቁኝ ጊዜ በመጀመሪያ ያሰብሁት እንደ ልማዳችን ስለ ሲሚንቶና ስለ ብረት ዋጋ ለመናገር ነበር። ነገር ግን ስለ ዋጋ ሁላችንም እንናገራለን፤ ገዢውም ከእኛ ባላነሰ ያውቃል። ስለዚህ ዛሬ እምብዛም ስለማንነጋገርበት ጉዳይ፣ ይኸውም ስለ ቤቱ ውስጣዊ አከፋፈል፣ በእኛ የሥራ ቋንቋ ስለ ፕላኑ፣ ጥቂት ቃል ለመናገር ፈቃዳችሁን እለምናለሁ።

ቤት የሚገዛ ሰው ወደ ባለሙያ ሲመጣ ዘወትር የሚያቀርበው ሦስት ጥያቄ ነው። ዋጋው ስንት ነው? ስፋቱ ስንት ካሬ ሜትር ነው? ስንት መኝታ አለው? እኛም ለሦስቱ መልስ ከሰጠን ግዴታችንን የፈጸምን ይመስለናል። አራተኛው ጥያቄ፣ ማለትም ይህ ቤተ ሰብ በዚህ ቤት ውስጥ ቀኑንና ሌሊቱን እንዴት ያሳልፋል የሚለው፣ ከገዢውም ከእኛም አንደበት አይወጣም። ይሁን እንጂ የዚህን ጥያቄ መልስ ቤተ ሰቡ ከገባ በኋላ በየቀኑ ያገኘዋል፤ ያን ጊዜ ግን ገንዘቡ ተከፍሏል፤ ግንቡም ቆሟል።

ነገሩን ከራሴ ስሕተት ልጀምር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በውጭ አገር የሚኖር አንድ የጅግጅጋ ተወላጅ ለእናቱ በጋራ ሕንጻ ላይ ባለ ሁለት መኝታ ቤት ሊገዛ አስቦ ቤቱን እንዳይለት ለመነኝ። ሄድሁ። አምዱንና ቢሙን፣ የስላቡን ውፍረት፣ የብሎኬቱን አገነባብ መረመርሁ፤ የቧንቧውንና የኤሌክትሪኩን መሥመር ተከታተልሁ፤ ወለሉን በሜትር ለካሁ። በወረቀቱ ላይ የተጻፈው 60 ካሬ ሜትር እኔ ከለካሁት ጋር ተስማማ። በተለይ 4 በ5.50 ሜትር የሆነው ሰፊ ሳሎን ደስ አሰኘኝ። «ግዛ» አልሁት፤ ገዛ።

ስድስት ወር ያህል ካለፈ በኋላ እናቱን ልጠይቅ ወደ ቤቱ ሄድሁ። ጊዜው ቀትር ነበር። በሦስተኛው ፎቅ የደረጃ ማረፊያ ላይ የከሰል ምድጃቸውን አስቀምጠው፣ በአንዲት ዝቅተኛ ዱካ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። «ኤዶ፣ ምነው ከበር ውጭ?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ ቤቱስ ጥሩ ቤት ነው፤ ነገር ግን ወንዶች እንግዶች ሳሎን ከተቀመጡ ከማድቤት ወደ መኝታዬ የምገባው በፊታቸው አልፌ ነው። እነሱም ያፍራሉ፤ እኔም አፍራለሁ። እስኪሄዱ ድረስ እዚሁ እቀመጣለሁ» አሉኝ።

የመኝታ ቤቶቹ፣ የማድቤቱና የመጸዳጃው በሮች ሁሉ በአንዱ ረጅም ግድግዳ ላይ ተሰልፈው ወደ ሳሎኑ ይከፈቱ ነበር። በሮቹን በዓይኔ አይቻቸዋለሁ፤ በሜትርም ለክቻቸዋለሁ። ትርጉማቸውን ግን አላነበብሁም። ለአንዲት ሴት ቤት መርጬ፣ በገዛ ቤቷ ደጅ ላይ አስቀመጥኋት። ከዚያ ቀን ወዲህ ፕላን የማነብበት መንገድ ተለውጧል፤ ዛሬም ላካፍላችሁ የምፈልገው ይህንኑ ነው።

የጋራ ሕንጻ ቤት እንዴት ወደ እኛ መጣ

የአንድን ሕንጻ ልዩ ልዩ ክፍሎች ልዩ ልዩ ሰዎች በባለቤትነት ሊይዟቸው እንደሚችሉ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አስቀድሞ ደንግጎ ነበር። ሆኖም አሠራሩ በአገራችን ሥር የሰደደው የጋራ ሕንጻ ቤት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ከወጣ በኋላ ነው። በአዲስ አበባም የከተማው አስተዳደር ከጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት ጋር በቦሌ ገርጂ በሙከራ የጀመረው ሥራ ወደ ሰፊ የቤቶች ልማት መርሐ ግብር አደገ፤ ቀጥሎም ወደ ክልል ከተሞች ተዛመተ።

የመርሐ ግብሩ ዓላማ ዝቅተኛ ገቢ ያለውን ከተሜ በርካሽ ዋጋ የቤት ባለቤት ማድረግ ነበር። ስለዚህ የቤቶቹ ስፋት ተቆጥቦ ተወሰነ። በመጀመሪያው አመዳደብ ስቱዲዮ የሚባለው እስከ 20 ካሬ ሜትር፣ ባለ አንድ መኝታው ከ20 እስከ 30፣ ባለ ሁለት መኝታው ከ30 እስከ 45፣ ባለ ሦስት መኝታው ከ45 ካሬ ሜትር በላይ ነበር። ቁጠባው በራሱ ነቀፋ የለበትም። ነገር ግን ቤቱ ባነሰ ቁጥር የአንዲት በር አቀማመጥ የምታመጣው ጥቅምና ጉዳት እየጨመረ ይሄዳል። በሰፊ ግቢ ውስጥ በስሕተት የተከፈተ በር ብዙ አይጎዳም፤ በ45 ካሬ ሜትር ውስጥ ግን ቤቱን በሙሉ ሊያበላሽ ይችላል።

ሌላም ነገር አለ። ለአንድ ከተማ የተነደፈ የሕንጻ ዓይነት ሳይለወጥ ወደ ሌላ ከተማ ሲሄድ የአዲሱን ከተማ አኗኗር አያውቅም። በአዲስ አበባ ደጋ፣ በእንጀራ ምጣድና በቡና ጀበና ዙሪያ የታሰበ ፕላን፣ በጅግጅጋ ሜዳ ላይ ወይም በሽንሌ ቆላ ሲቆም ሌላ ፀሐይና ሌላ ነፋስ ያገኘዋል፤ እንግዳም በሌላ ሥርዐት ይቀበሉበታል።

የጠፋው ክፍል

የሶማሌው አርብቶ አደር ቤት፣ አቃሉ፣ ከጎበጡ እንጨቶች ተዋቅሮ በሰሌንና በቆዳ የሚሸፈን ነው። የሚሠሩት ሴቶቹ ናቸው፤ የሚያፈርሱትና በግመል የሚጭኑትም እነሱው ናቸው። ከዚህ የተነሣ አቃል ስሕተቱን ይዞ አይኖርም። በአንዱ ሰፈር በሩ ለነፋስ ተጋልጦ ከሆነ፣ በሚቀጥለው ሰፈር ከግመል ጀርባ ሲወርድ ይታረማል። የቤቱ ባለቤትና የቤቱ ነዳፊ አንዲት ሴት ናት።

ጅግጅጋ ከተማ ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ገዥዋ በነበሩበት ዘመን በቀጥታ መንገዶች ተከፋፍላ እንደ ተመሠረተች ይታወቃል። በእነዚህ መንገዶች መካከል የተሠራው ቤት ደግሞ ባለ ግቢ ቤት ነው። ክፍሎቹ በአጥሩ ዙሪያ ይሰለፋሉ፤ መካከሉ ባዶ ነው። ባዶ የምንለው ግን በወረቀት ላይ ነው። ጠዋት አንጄሮ የሚጋገረው፣ ልብስ የሚታጠበውና የሚሰጣው፣ ሕፃናት የሚጫወቱት፣ ለዒድ በግ የሚታረደው፣ ለሠርግና ለሐዘን ድንኳን የሚተከለው በዚያ ነው። ወንድ እንግዳ ከደጁ አጠገብ ባለው ክፍል ሲቀመጥ፣ ሴቶቹ በግቢው ከክፍል ወደ ክፍል እንደ ልባቸው ይዘዋወራሉ።

የጋራ ሕንጻ ቤት የሚቀንሰው ይህን ግቢ ነው። በሽያጩ ወረቀት ላይ ሳሎን፣ መኝታ፣ ማድቤትና መታጠቢያ ተዘርዝረው ይታያሉ፤ ግቢው እንደ ቀረ ግን የሚናገር መሥመር የለም። ስለዚህ ፕላን በምንመርጥበት ጊዜ የመጀመሪያው ጥያቄያችን፣ በግቢው ይሠራ የነበረው ሥራ አሁን የት ሊሠራ ነው የሚል መሆን አለበት። እኔ ይህን ጥያቄ በሦስት መንገዶች ከፍዬ አየዋለሁ፤ እነርሱም የእንግዳው መንገድ፣ የውኃና የእሳት መንገድ፣ የቤተ ሰቡ መንገድ ናቸው።

የእንግዳው መንገድ

ስፋታቸው እኩል 60 ካሬ ሜትር የሆነ ሁለት ቤቶች ቀርበውልናል እንበል። የመጀመሪያው ቀደም ሲል የነገርኋችሁ ቤት ነው፤ ሳሎኑ 4 በ5.50፣ ማለትም 22 ካሬ ሜትር ነው፤ ኮሪደር የለውም። የሁለተኛው ሳሎን 3.50 በ4፣ ማለትም 14 ካሬ ሜትር ብቻ ሆኖ ከመግቢያው በር አጠገብ ለብቻው ይገኛል፤ አንድ በር አለው። ከመግቢያው ወደ ውስጥ ደግሞ ስፋቱ 1.10፣ ርዝመቱ 4.50 ሜትር የሆነ ኮሪደር ይሄዳል። ይህ ኮሪደር 4.95 ካሬ ሜትር፣ ማለትም ከቤቱ 8 በመቶ ያህል ይወስዳል። ገዢው ይህን አይቶ «የባከነ ቦታ ነው» ይልና የመጀመሪያውን ይመርጣል።

አሁን በሜትር እንከራከር። በመጀመሪያው ቤት አራት የውስጥ በሮች በአንዱ የ5.50 ሜትር ግድግዳ ላይ ተሰልፈዋል። በፊታቸው ቢያንስ 90 ሳንቲ ሜትር ለመተላለፊያ ክፍት ሆኖ መቅረት አለበት። 0.90 በ5.50 ሲባዛ 4.95 ካሬ ሜትር ይሆናል። ስለዚህ ኮሪደሩ አልቀረም፤ ያው ስፋት በሳሎኑ ውስጥ፣ በእንግዶች ፊት ተዘርግቶ ይገኛል። ልዩነቱ ግድግዳ የሌለው መሆኑ ብቻ ነው።

በእኛ አካባቢ እንግዳ የሚቀመጠው በአመዛኙ በግድግዳው ሥር በሚነጠፍ መጅሊስ ላይ ስለሆነ፣ የሳሎን ጥቅም በካሬ ሜትር ሳይሆን ነጻ በሆነ የግድግዳ ርዝመት ቢለካ ይሻላል። የ22 ካሬ ሜትሩ ሳሎን ዙሪያ 19 ሜትር ነው። በሮቹ የተሰለፉበት 5.50 ሜትርና የመግቢያው በር 90 ሳንቲ ሜትር ሲቀነሱ 12.60 ሜትር ይቀራል። የ14 ካሬ ሜትሩ ሳሎን ዙሪያ 15 ሜትር ነው፤ የአንድ በሩ 90 ሳንቲ ሜትር ሲቀነስ 14.10 ሜትር ይቀራል። እንግዲህ ትንሹ ሳሎን ከትልቁ ይልቅ ብዙ መቀመጫ አለው ማለት ነው። በሁለተኛው ቤት የነበሩ ቢሆን ኖሮ እኒያ እናት ከማድቤታቸው ወደ መኝታቸው ሲሄዱ የሚያያቸው ባልነበረ ነበር።

በዚህ ላይ እንግዳው የሚታጠብበት ስፍራ ከሳሎኑ አጠገብ፣ ከመኝታ ቤቶቹ በር በፊት ቢገኝ መልካም ነው። የመግቢያው በር ሲከፈትም ከደረጃው ላይ የቆመ ሰው ዓይን እስከ ምን ድረስ እንደሚዘልቅ መታየት አለበት። በሩን ከፍቶ ከውጭ መቆምና መመልከት የግማሽ ደቂቃ ሥራ ነው።

የውኃና የእሳት መንገድ

በጅግጅጋም ሆነ በዙሪያዋ ባሉት ከተሞች ውኃ በቧንቧ ሁልጊዜ እንደማይመጣ መንገር አያስፈልገኝም። ቤተ ሰቡ 8 ቢሆንና እያንዳንዱ በቀን 20 ሊትር ብቻ ቢጠቀም፣ በቀን 160 ሊትር ያስፈልጋል። ይህ በባለ 20 ሊትር ጀሪካን ስምንት ጀሪካን ነው። ቤቱ በሦስተኛ ፎቅ ላይ ከሆነ እያንዳንዱ ጀሪካን 9 ሜትር ያህል ሽቅብ መውጣት አለበት። እያንዳንዱ ፎቅ በየቀኑ የሚከፈል ዋጋ አለው፤ ይህም ዋጋ በሽያጩ ውል ላይ አይጻፍም።

ብዙ ሰው መፍትሔ የሚያደርገው ሮቶ ገዝቶ በረንዳ ላይ ማስቀመጥን ነው። ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ ሲሞላ ውኃው ብቻ 1,000 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ የሚያርፈውም በአንድ ካሬ ሜትር አካባቢ ነው። ለመኖሪያ ቤት ወለል በስሌት የምንወስደው ተንቀሳቃሽ ጭነት ግን በካሬ ሜትር 200 ኪሎ ግራም ያህል ነው። ጭነቱ አምስት እጥፍ መሆኑን አስተውሉ። ወደ ውጭ በተንጠለጠለ በረንዳ ላይ ይህን ማስቀመጥ ከባድ አደጋ አለው። ስለዚህ ገዢው መጠየቅ ያለበት፣ ለሕንጻው በጠቅላላ የተዘጋጀ የምድር ማጠራቀሚያና የጣራ ታንከር አለ ወይ? ፓምፕ የሚያንቀሳቅሰውስ ማን ነው? ብሎ ነው። መልሱ «የለም» ከሆነ፣ ከምድር ቤትና ከአንደኛ ፎቅ በላይ መግዛቱን ደጋግሞ ያስብበት።

ስለ እሳቱም እንዲሁ ነው። ኤሌክትሪክ ቢኖርም ከሰል ከቤታችን አልወጣም፤ ዳብቃዱም ለኡንሲ ዘወትር ይቀጣጠላል። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሰው እንደ ተኛ ይገድላል። ስለዚህ የማድቤቱ መስኮት በቀጥታ ወደ ውጭ መከፈት አለበት። ወደ ጠባብ የቧንቧ ጉድጓድ የሚከፈት መስኮት ጢሱን ወደ ላይኛው ጎረቤት ያደርሳል፤ የታችኛውንም ጢስ ወደ እኛ ያመጣል። ከማድቤቱ ጋር የተያያዘ፣ ከመንገድ ዓይን የተከለለ፣ ስፋቱ ሁለት ካሬ ሜትር እንኳ የሆነ በረንዳ ቢኖር ከግቢው ጥቂቱን ይመልስልናል፤ ምድጃው፣ ልብሱና ጀሪካኑ ቦታ ያገኛሉ። በመንገድ በኩል ለጌጥ ከሚሠራው የሳሎን በረንዳ ይልቅ ይህችን ትንሽ በረንዳ እመርጣለሁ። እርሷ ከሌለች ምድጃው ወደ ደረጃው ይወጣል፤ ደረጃው ደግሞ እሳት ቢነሣ ሁሉም የሚሸሽበት መንገድ ነው።

የቤተ ሰቡ መንገድ

ስለ መኝታ ቤት ቁጥር ስንነጋገር ለአባትና ለእናት፣ ለወንዶች ልጆች፣ ለሴቶች ልጆች የሚለየውን ማሰብ አለብን። ሦስቱን በሁለት መኝታ ቤት ማሳደር የሚቻለው ሳሎኑ በሌሊት መኝታ ሊሆን ሲችል ነው፤ ይህም የሚሆነው በር ኖሮት ሲዘጋ ብቻ ነው። የሰው ሁሉ መተላለፊያ የሆነ ሳሎን በሌሊት ማንንም አያሳርፍም። ከላይ ያየነው ትንሹ ሳሎን በዚህም በኩል ብልጫ አለው።

ቀጥሎ መታጠቢያው ነው። ጎህ ሲቀድ በአንድ ቤት ውስጥ ስምንት ሰው ለሶላት ውዱእ ለማድረግ ሲነሣ፣ መጸዳጃው፣ መታጠቢያውና የእጅ መታጠቢያው በአንድ በር ውስጥ ከተቆለፉ አንዱ ሌላውን ይጠብቃል። የእጅ መታጠቢያው ከመጸዳጃው ውጭ፣ በኮሪደሩ ጫፍ ቢደረግና ለእግር የሚሆን ዝቅተኛ ቧንቧ ቢጨመርበት ይህ ችግር በአነስተኛ ወጪ ይቃለላል።

ስለ መጸዳጃው አቀማመጥ ደግሞ አንድ ነገር በተለይ ልጥቀስ። ሙስሊሙ ሰው ሲጸዳዳ ፊቱንም ጀርባውንም ወደ ቂብላ እንዳያደርግ ይጠነቀቃል። መካ ከጅግጅጋ ስትታይ በሰሜን አቅጣጫ፣ ወደ ምዕራብ 13 ዲግሪ ያህል ዘንበል ብላ ትገኛለች፤ ከሽንሌ 9፣ ከቶጎ ውጫሌ 16 ዲግሪ ያህል ነው። ስለዚህ በእነዚህ ከተሞች ሁሉ የመጸዳጃው መቀመጫ ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ቢዞር ሥርዐቱ ይጠበቃል። እዚህ ላይ ጥፋቱ የሚፈጸመው በእኛ እጅ ነው። አንድን የተዘጋጀ የሕንጻ ዓይነት ከቦታው ቅርጽ ጋር ለማስማማት በሳይት ፕላኑ ላይ 90 ዲግሪ ስናዞረው፣ በውስጡ ያሉት መጸዳጃዎች ሁሉ አብረው ይዞራሉ። በሰሌዳችን ላይ የአንድ ደቂቃ ሥራ የሆነው ነገር በብዙ ቤቶች ለዘለቄታው የሚያስቸግር ይሆናል። ገዢውም ኮምፓስ ይዞ መሄድ ይችላል፤ ዛሬ በብዙ ስልኮች ላይ አለ።

ፀሐይና ነፋስ

ሰሜናዊ ከተሞቻችን አንድ ዓይነት አየር የላቸውም። ጅግጅጋ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ ከካራማራ ተራራ በስተ ምሥራቅ በተዘረጋው ሜዳ ትገኛለች፤ ሌሊቷ፣ በተለይ ከኅዳር እስከ ጥር፣ ብርድ አለው። ሽንሌና በባቡሩ መሥመር እስከ አይሻና ደወሌ ያሉት የሲቲ ዞን ከተሞች ግን ቆላ ናቸው።

በዘጠነኛው ዲግሪ ኬክሮስ ላይ ስለምንገኝ የቀትር ፀሐይ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ በሰሜን በኩል፣ በቀሩት ወራት በደቡብ በኩል ታልፋለች። በሁለቱም በኩል ከፍ ብላ ስለምትሄድ ከመስኮቱ በላይ የወጣ አጭር ጥላ ይበቃታል። የምታስቸግረው በምሥራቅና በምዕራብ ዝቅ ብላ የምትገባው ፀሐይ ናት፤ እርሷን የመስኮት ጥላ አይመክታትም። ስለዚህ በሽንሌ ወይም በአይሻ የሚገዛ ሰው መኝታ ቤቱ ወደ ምዕራብ የሚመለከተውን ቤት ይተው፤ ቀኑን ሙሉ የጋለ የብሎኬት ግድግዳ ሙቀቱን የሚያወጣው ሰው በሚተኛበት ሰዓት ነው። በጅግጅጋ ግን ወደ ምሥራቅ የሚመለከት መኝታ ቤት በብርዱ ወራት በጠዋት ፀሐይ ይሞቃል፤ መልካም ነው።

ነፋስ በአንድ ወገን ገብቶ በሌላው ካልወጣ አይጠቅምም። በሁለት ተቃራኒ ወገን መስኮት ያለው ቤት በአንድ ወገን ብቻ ካለው ይሻላል። ሆኖም የጅግጅጋ ሜዳ ነፋስ አቧራ ይዞ ስለሚመጣ፣ ዋናው ነፋስ በየትኛው ወር በየት በኩል እንደሚነፍስ የሰፈሩን ነዋሪ መጠየቅ ተገቢ ነው። የካራን ዝናብ በሚጥልበት ወቅትም ውኃው የትኛውን ግድግዳ እንደሚመታ ያው ጎረቤት ይነግረናል።

የማይለወጠውና የሚለወጠው

«ከገባሁ በኋላ አስተካክለዋለሁ» የሚል ገዢ ብዙ ነው። በግል ግቢ ውስጥ ይህ እውነት ሊሆን ይችላል። በጋራ ሕንጻ ግን አምዱ፣ ቢሙ፣ ስላቡ፣ የውጭው ግድግዳ፣ ጣራው፣ ደረጃውና ዋናው የቧንቧ መሥመር የጋራ ናቸው፤ የሚተዳደሩትም በቤቶቹ ባለቤቶች ማኅበር ነው። ማድቤትንና መታጠቢያን ማዛወርም ከታች ባለው ጎረቤት መኝታ ላይ ውኃ ማፍሰስ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቀለም፣ ንጣፍ፣ የበር ጥራት ሊለወጡ የሚችሉ ናቸውና ገዢው በእነርሱ አይማረክ። የማይለወጡት አራት ናቸው፤ ፎቁ፣ አቅጣጫው፣ የውኃ ክፍሎቹ ቦታና የመግቢያው በር። ምርጫው በእነዚህ ላይ መመሥረት አለበት።

የአንድ ሰዓት ሥራ

ውድ ባልደረቦቼ፤ ከዚያ ስሕተቴ በኋላ የያዝሁት አሠራር እጅግ ቀላል ነው። አንድ ሰው የጋራ ሕንጻ ቤት ለመግዛት ምክር ሲጠይቀኝ ፕላኑን ይዤ አሁን ወደሚኖርበት ግቢ እሄዳለሁ። በግቢው መሬት ላይ የሚገዛውን ቤት በእውነተኛው ልክ በኖራ እሠምራለሁ፤ በሮቹን ክፍት እተዋለሁ። ከዚያ በኋላ ቤቱን የሚያስተዳድሩትን ሴት በዚያ ሥምር ውስጥ እንዲመላለሱ እለምናለሁ፤ እንግዳ መጥቷል፤ ሻይ ይቅረብ፤ ውኃ መጥቷል፤ ልጆች ይተኙ፤ የሶላት ሰዓት ደርሷል። ከአንድ ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ እኔ በቢሮዬ ያላየሁትን እሳቸው ይነግሩኛል። አንዳንዱ ገዢ፣ በተለይም በስልክ በተላከለት ሥዕል ብቻ ከሩቅ አገር የሚገዛው ልጅ፣ ይህን እንደ ቀልድ ይቆጥረዋል። እኔ ግን በዘመናት ሁሉ አቃሏን ራሷ ስትሠራ የኖረች ሴት ስለ ቤቷ ፕላን ሳትጠየቅ የምትቀርበት ምክንያት አይታየኝም።

ቀጥሎ ወደ ሕንጻው ሁለት ጊዜ መሄድ ያስፈልጋል፤ አንድ ጊዜ ከቀትር በኋላ በ9 ሰዓት፣ ሙቀቱንና ፀሐዩን ለማየት፤ አንድ ጊዜ ማታ፣ ድምፁን፣ ጢሱንና የደረጃውን መብራት ለማየት። በዚያው ሕንጻ ላይ አስቀድሞ የገባ ቤተ ሰብ ካለም ሻይ ጠጥቶ መጠየቅ ከማናቸውም ወረቀት የበለጠ ያስተምራል።

እኛ ነዳፊዎችና ተቆጣጣሪዎች ደግሞ ከዚህ የሚበልጥ ግዴታ አለብን። ገዢው የሚመርጠው እኛ ካቀረብንለት ውስጥ ነው። ሁሉም ሕንጻ ኮሪደሩን በሳሎን ውስጥ የደበቀ ከሆነ፣ ምርጫ ማለት የቀለም ምርጫ ብቻ ይሆናል። ለጅግጅጋ፣ ለቶጎ ውጫሌ፣ ለቀብሪ በያህና ለሽንሌ የሚሆን ፕላን በየከተማው አኗኗር እንጂ ከሌላ ከተማ በተቀዳ ሥዕል መጀመር የለበትም።

ንግግሬን ከመደምደሜ በፊት የእኒያን እናት ነገር ልፈጽም። ለልጃቸው ጥፋቱ የእኔ እንደ ሆነ ጻፍሁለት። ከዚያም የባለቤቶቹን ማኅበር አስታውቀን፣ በሮቹ በተሰለፉበት ግድግዳ ፊት ለፊት በ1.10 ሜትር ርቀት ቀላል የጂፕሰም ክፍልፋይ አቆምን፤ አንድ በርም አደረግንለት። ሳሎኑ ከ22 ወደ 16 ካሬ ሜትር ወረደ። አሁን እናቱ ከማድቤት ወደ መኝታቸው እንግዳ ቢኖርም ባይኖርም ይመላለሳሉ። ኮሪደሩ ግን መስኮት ስለሌለው በቀትር እንኳ መብራት ይበራበታል፤ ምድጃቸውም እስካሁን ተስማሚ ቦታ አላገኘም። ልጁም ለሰፊ ሳሎን ከከፈለ በኋላ ሳሎኑን ለማጥበብ ሁለተኛ ከፈለ።

ይህ ሁሉ በአንድ ሰዓትና በአንድ ከረጢት ኖራ ሊቀር ይችል ነበር። ከእንግዲህ ወዲህ ማናችንም «ግዛ» የሚለውን ቃል ከመናገራችን በፊት በዚያ ቤት የምትኖረውን ሴት በፕላኑ ውስጥ እንድናስኬዳት አደራ እላለሁ።